ወጪና ኪሳራው በማን ላይ ነው? የይግባኝ ዋጋ ከቅዱስ ጳውሎስ እስከ ዘመናችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከፍርድ ቤት የወጣ የፍርድ ግልባጭ እጃችሁ ገብቶ ያውቅ ይሆናል። ብዙ ሰው ማን እንደ ረታ ለማወቅ ቸኩሎ ዋናውን ውሳኔ ይመለከትና ወረቀቱን ያጥፋል። ከውሳኔው በታች ግን ስለ ወጪና ኪሳራ የምትናገር አንዲት አጭር መስመር አለች። አንዳንድ ጊዜ ተረቺው የረቺውን ወጪ እንዲተካ ታዝዛለች፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ግራ ቀኙ የየራሳቸውን ይቻሉ ብላ ትዘጋለች። ጉዳዩ በይግባኝ ሁለትና ሦስት ፍርድ ቤት ከተመላለሰ ይህች መስመር ራሷን የቻለች ሌላ ክርክር ትወልዳለች። በታችኛው ፍርድ ቤት ረትቶ ወጪው የተተካለት ሰው፣ ፍርዱ በይግባኝ ቢሻርበት የተቀበለውን ይመልሳልን? በታች ተረትቶ በላይ የረታውስ የሁለቱንም ፍርድ ቤት ወጪ ይጠይቃልን?

ይህ የዳኞችና የጠበቆች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከጥንት ጀምሮ ሕግ አውጪዎችን ያስጨነቀ፣ ቅዱሳንም ያለፉበት ጥያቄ ነው። ይግባኝ ማለት ርካሽ ከሆነ ባለጠጋው ድሀውን ከችሎት ወደ ችሎት እየጎተተ ያደክመዋል፤ ውድ ከሆነ ደግሞ የተበደለው ድሀ የላይኛውን ደጅ ሳያይ ይቀራል። ስለዚህ ወጪው በማን ላይ ይውደቅ የሚለው ጥያቄ፣ ፍትሕ ለማን ትድረስ ከሚለው ጥያቄ አይለይም። እስቲ ታሪኩን ከሥሩ እንመልከት።

1. ይግባኝ ያለው ሐዋርያ

በመጽሐፍ ቅዱስ በይግባኝ የታወቀው ሰው ቅዱስ ጳውሎስ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 24 እንደ ተጻፈው ሊቀ ካህናቱ ሐናንያ ሐዋርያውን ለመክሰስ ወደ ቂሣርያ ሲወርድ ብቻውን አልወረደም፤ ጠርጠሉስ የሚባል ጠበቃ ይዞ ነበር። ከሳሾች አንደበተ ርቱዕ ጠበቃ አቁመው ሲናገሩ፣ ሐዋርያው ግን ለራሱ ራሱ ተከራከረ። አገረ ገዢው ፊልክስ ነገሩን በመወሰን ፈንታ አዘገየው፤ ቅዱስ ሉቃስ ምክንያቱን አልሸሸገም። ፊልክስ ከጳውሎስ ገንዘብ ተስፋ ያደርግ ነበርና ደጋግሞ እያስጠራ ያነጋግረው ነበር። ሐዋርያው ግን ጉቦ ከመስጠት ይልቅ ሁለት ዓመት መታሰርን መረጠ። ወጪ የሚባለው ሁሉ በገንዘብ አይቆጠርምና ይህ የመጀመሪያው ወጪ ነው።

ፊስጦስ ፊልክስን ተክቶ በመጣ ጊዜ አይሁድ ጳውሎስ ወደ ኢየሩሳሌም እንዲላክ ለመኑ፤ አሳባቸው በመንገድ አድብተው ሊገድሉት ነበር። ያን ጊዜ ሐዋርያው በሮማዊ ዜግነቱ ተጠቅሞ ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ። ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 60 ዓመተ ምሕረት ገደማ፣ ኔሮን በነገሠበት ወራት ነው። ንጉሥ አግሪጳም ነገሩን ከሰማ በኋላ፣ ይህ ሰው ወደ ቄሣር ይግባኝ ባይል ኖሮ ሊፈታ ይቻል እንደ ነበር ለፊስጦስ ነገረው።

እንግዲህ የይግባኙን ዋጋ ቁጠሩ። በመቶ አለቃው በዩልዮስ ጥበቃ ሥር የተደረገ የባሕር ጉዞ፤ 276 ነፍስ የያዘ መርከብ መሰበር፤ በመላጥያ ደሴት 3 ወር መቆየት፤ በመጨረሻም በሮም 2 ዓመት በቁም እስር መኖር። በሮም የኖረበት ቤት የተከራየው መሆኑን ቅዱስ ሉቃስ በመጽሐፉ መጨረሻ ጽፎልናል። ታሳሪው ተከራይ ነበር፤ ኪራዩም የሚከፈለው ከራሱ ነበር። የፊልጵስዩስ ምእመናን ችግሩን አውቀው በአፍሮዲጡ እጅ ስጦታ እንደ ላኩለት በመልእክቱ ምዕራፍ 4 ይናገራል። ስለዚህ «የቅዱስ ጳውሎስን የይግባኝ ወጪ ማን ከፈለ?» ተብለን ብንጠየቅ መልሳችን ግልጽ ነው። ከፊሉን ሐዋርያው ራሱ፣ ከፊሉንም ከሩቅ ሆና ያሰበችው የፊልጵስዩስ ቤተ ክርስቲያን ከፈሉ።

2. የሮም ነገሥታት ምን ደነገጉ?

በዚያው ዘመን በሮም ስለ ይግባኝ ዋጋ የወጣ አንድ ድንጋጌ አለ። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ እንደሚተርከው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ60 ዓመተ ምሕረት ኔሮን በፍትሐ ብሔር ክርክር ከዳኞች ወደ ምክር ቤቱ ይግባኝ የሚል ሰው፣ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ይግባኝ የሚል ሰው የሚያስይዘውን ያህል ገንዘብ ለኪሳራ እንዲያጋልጥ አዘዘ። ይህ የሐዋርያውን ዓይነት የወንጀል ክስ የሚመለከት አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ይግባኝ ማለት ገንዘብን ለአደጋ ማጋለጥ እንደ ነበር ያሳያል። አሳቡ በከንቱ ይግባኝ የሚለውን ማስፈራት ነው፤ ነገር ግን ያው ገንዘብ እውነት ይዞ ገንዘብ የሌለውንም ያስፈራዋል።

ተረቺ የረቺውን ወጪ ይክፈል የሚለው ግልጽ ሥርዓት ከዚያ ከብዙ ዘመን በኋላ መጣ። ንጉሠ ነገሥት ዘይኑን በ487 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ሕግ፣ ዳኞች ፍርድ ሲሰጡ የተረታው ወገን የክርክሩን ወጪ እንዲከፍል እንዲያዝዙ ደነገገ። ዘይኑን የቤተ ክርስቲያንን መከፋፈል ለማስታረቅ በ482 የአንድነት ደብዳቤ በማውጣቱ በታሪካችን የሚታወቀው ንጉሥ ነው። ከእርሱ በኋላ የነገሠው ዮስጢንያኖስ፣ በሃይማኖት ነገር አባቶቻችን የማይስማሙበት ቢሆንም፣ ይህን ሥርዓት በሕጉ መጽሐፍ አጸናው። በ531 ደግሞ ከሳሽም ተከሳሽም ክርክሩን በተንኮልና በክፋት የማያካሂዱ መሆናቸውን በቅዱስ ወንጌል ላይ እጃቸውን አኑረው እንዲምሉ አዘዘ።

ልብ በሉ፤ አንዱ ሕግ ኪስን፣ ሌላው ሕሊናን የሚይዝ ነው። የሕጉ ሰዎች ሙግትን በገንዘብ ብቻ ልጓም ማስገባት እንደማይቻል ተረድተዋል። ከዚህ የቢዛንታይን ሕግ የተወሰነው ክፍል በዐረብኛ ትርጉም አልፎ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አስ ሳፊ ኢብን አል አሳል በግብፅ ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ያም መጽሐፍ ወደ ግእዝ ተመልሶ ፍትሐ ነገሥት ተባለ። ከ51 አንቀጾቹ 43ኛው ስለ ዳኞች የሚናገር ነው። በትውፊት መጽሐፉ ወደ ሀገራችን የገባው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደ ሆነ ይነገራል።

3. ማርና በቅሎ፦ በቀድሞው የሀገራችን ችሎት

በሀገራችን የተለመደው የሙግት ሥርዓት ደግሞ የራሱ መልክ ነበረው። ተሟጋቾች በአደባባይ በዳኛ ፊት ቆመው በተጠየቅ ይሟገታሉ፤ ሕዝቡም ከቦ ያዳምጣል። በክርክሩ መካከል አንዱ ያለውን ነገር እውነትነት ለማጽናት ይወራረዳል፦ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ። ሌላው ውርርዱን ከተቀበለ ዋስ ይጠራል። ነገሩ ተጣርቶ ሲለይ የተረታው የተወራረደበትን ይከፍላል።

ይህ ውርርድ ለማን ይገባ ነበር? ለረቺው ሳይሆን ለዳኛው ነው። ይህ ከዛሬው ሥርዓት እጅግ የተለየ ነው። የተረታው በእርግጥ ይቀጣል፤ የረታው ግን ለመንገድ፣ ለስንቅና ለምስክር ያወጣውን የሚተካለት የለም። ዳኛውም ከሙግቱ ብዛት ተጠቃሚ ይሆን ነበርና ክርክሩ እንዲያጥር የሚገፋፋው ነገር አልነበረም። ዛሬም ለፍርድ ቤት የሚከፈለውን ገንዘብ «የዳኝነት» የምንለው የቀድሞው ልማድ በቃሉ ውስጥ ስለ ቀረ ነው።

ይግባኙም በደረጃ የሚወጣ ነበር። ከጭቃ ሹም ወደ መልከኛ፣ ከመልከኛ ወደ አገር ገዢ፣ ከዚያም ወደ ንጉሡ ወንበሮች፣ ወደ አፈ ንጉሡ፣ በመጨረሻም ወደ ዙፋን ችሎት ይደረሳል። ከሩቅ አውራጃ የተነሣ ባላገር ስንቁን በአህያ ጭኖ ሳምንታት ይጓዛል፤ ከተማ ደርሶም ወረፋው እስኪደርስ ደጅ ይጠናል። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው አብረው የሚጓዙበትም ጊዜ ነበር። ሁለት ባላጋራዎች በአንድ ቋጠሮ ታስረው በአንድ መንገድ ሲሄዱ፣ የአንዱ ወጪ የሌላውም ወጪ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ሥዕል አይገኝም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የዳኝነቱን ሥራ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ሰጡ፤ በየአውራጃውም ወንበሮች ተመደቡ። ዳኝነት ወደ ሕዝቡ በቀረበ መጠን የይግባኝ መንገድና ስንቅ ይቀንሳል ማለት ነው።

ያም ሆኖ ሕዝባችን ፍርድን እንዴት እንደሚወድ አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ይነግረናል፦ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ»። ሰው በፍርድ በቅሎ ቢያጣ ይችለዋል፤ ያለ ፍርድ ጭብጦ ቢነጠቅ ግን ያንገበግበዋል። ይህ ታላቅ ፍትሕ ወዳድነት ነው። ነገር ግን አደጋም አለበት፤ ለጭብጦዋ ሲል በቅሎዋን፣ ከበቅሎዋም በኋላ ርስቱን ያጣ ሰው ጥቂት አይደለም።

4. የ1958ቱ ሕግና የዛሬው ክርክር

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የዳኝነት አስተዳደር ዐዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አደራጀ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጣ፤ ይህ ሕግ እስከ ዘመናችን ድረስ የፍርድ ቤቶቻችን መመሪያ ሆኖ ዘልቋል። በአንቀጽ 462 ወጪው በማን፣ ከየትኛው ንብረትና በምን ያህል መጠን እንደሚከፈል የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤቱ ተሰጥቷል። ወጪ የተፈቀደለት ወገን ያወጣውን በዝርዝር ጽፎ ያቀርባል፦ የዳኝነት፣ የመጥሪያ፣ የምስክር አበል፣ የጠበቃ አበል እና የመሳሰለውን። ተቃራኒው ወገንም ዝርዝሩን ይመለከትና በዛ፣ ማስረጃ የለውም፣ አግባብ አይደለም እያለ ይከራከራል። አንዳንድ ጊዜ ፍርድ ቤቱ ዝርዝሩን ትቶ ቁርጥ ኪሳራ ይወስናል። የተወሰነውም ብዙ ጊዜ በእውነት ከወጣው ጋር አይተካከልም።

በይግባኝ ጊዜ ክርክሩ የሚወሳሰበው በዚህ ነው። እንበልና እኅትና ወንድም በወላጆቻቸው ቤት ውርስ ተካሰሱ። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ወንድም ረታ፤ እኅት ወጪውን እንድትተካ ታዘዘች። እኅት ይግባኝ ብላ ፍርዱን አሻረችው፤ አሁን ወጪው ወደ ወንድም ዞረ። ወንድም ለሰበር ሰሚ ችሎት አቤት አለ። የሰበር ችሎቱ መርምሮ ውሳኔውን ካሻሻለ በኋላ በመጨረሻ መስመሩ ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ ይቻቻሉ ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ከዓመታት በኋላ ሁለቱ ሲተያዩ በእጃቸው የቀረው ወረቀት ነው። ማን ረታ? ቤቱ በሐራጅ ተሽጦ ከዋጋው ላይ የሁለቱም ዕዳ ሲነሣ የሚካፈሉት ምን ይሆን?

ሕጉ ለድሀው ጨርሶ አልጨከነም። ከአንቀጽ 467 ጀምሮ፣ የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው ድህነቱን አስረድቶ በደሀ ደንብ የሚከስበት መንገድ አለ። በሌላ በኩል ይግባኝ ባዩ ለመልስ ሰጪው ወጪ ዋስትና እንዲያስይዝ ፍርድ ቤቱ ሊያዝዝ ይችላል። አንዱ ደጁን ለድሀው ይከፍታል፤ ሌላው ሰውን ለማድከም ብቻ የሚመላለሰውን ይገታል። ጥንታውያን ነገሥታት የተጨነቁበት ሚዛን ዛሬም በዳኛው እጅ ነው ማለት ነው።

5. ከእኅት ቤተ ክርስቲያን ታሪክ

ይህ ፈተና ለቤተሰብ ብቻ አይደለም፤ ለቤተ ክርስቲያንም ደርሷል። በደቡብ ሕንድ የምትገኘው የማላንካራ ቤተ ክርስቲያን በሃይማኖት እኅታችን ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1808 ይህች ቤተ ክርስቲያን 3,000 ስታር ፓጎዳ የተባለ የወርቅ ሳንቲም በዓመት 8 በመቶ ወለድ እንዲያስገኝ በእንግሊዞቹ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ዘንድ አስቀመጠች። በዓመት 240 ፓጎዳ ወለድ ማለት ነው። ምእመናኑ ይህን ገንዘብ «ቫቲፓናም»፣ የወለድ ገንዘብ ይሉታል።

በ1912 የካቶሊኮስ መንበር ሲቋቋም ቤተ ክርስቲያኒቱ በሁለት ወገን ተከፈለች፤ ከፊሉ ከካቶሊኮሱ፣ ከፊሉ ከሶርያው ፓትርያርክ ጋር ቆመ። ወለዱን ማን ይቀበል የሚለው ጥያቄ በ1913 ፍርድ ቤት ገባ። በ1919 ለካቶሊኮሱ ወገን ተፈረደ፤ በ1923 የላይኛው ፍርድ ቤት ገለበጠው፤ ነገሩ እንደገና ታይቶ በ1928 ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። 15 ዓመት መሆኑ ነው።

ዕረፍቱ ግን አልቆየም። በ1938 ሌላ ክስ ተከፈተ። በ1943 ክሱ ውድቅ ሆነ፤ በ1946 በይግባኝ ተገለበጠ፤ በ1954 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኙ እንደገና እንዲሰማ አዘዘ፤ በ1956 የታችኛው ዳግመኛ ለፓትርያርኩ ወገን ፈረደ፤ በመስከረም 1958 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለካቶሊኮሱ ወገን ወሰነ። በሕንድ የ1908ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ወጪ በመደበኛው ውጤቱን ይከተላል፤ ፍርዱ በተገለበጠ ቁጥር ሸክሙም ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ይዞራል። የሁለቱ ትከሻ ግን የአንድ ሕዝብ ትከሻ ነበረ። ለጠበቃ የሚከፈለው ከሁለቱም በኩል ከምእመናን መባ ነው፤ በአንድ ማዕድ ይቆርብ የነበረ ሕዝብ ስለ ወለድ ተካስሶ ዋናውን፣ ፍቅርን፣ ከሰረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ልብን የሚያበራ ነው። ፍርዱ በተሰጠ በ3 ወሩ፣ በታኅሣሥ 1958፣ የረታው ወገን ድሉን ይዞ አልተቀመጠም፤ የተረታውም ቂም ይዞ አልራቀም። ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ ኢግናጥዮስ ያዕቆብ 3ኛ እና ካቶሊኮሱ ባስልዮስ ጊዎርጊስ 2ኛ እርስ በርስ ተቀባበሉ። በ1964 አዲሱን ካቶሊኮስ ባስልዮስ አውጌን 1ኛን በመንበራቸው ያስቀመጡት ፓትርያርኩ ራሳቸው ነበሩ። በጥር 1957 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የምሥራቅ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናትን መሪዎች በአዲስ አበባ ሲሰበስቡ ሁለቱ አባቶች በአንድ ጉባኤ ተቀመጡ። ሀገራችን ያን የዕርቅ ፍሬ በዓይኗ አይታለች።

የሚያሳዝነው፣ ከዓመታት በኋላ ክርክሩ እንደገና ተነሥቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1995 እና በ2017 ዳግመኛ ፍርድ ለመስጠት ተገደደ። ፍርድ ቤት መዝገብ ይዘጋል እንጂ ልብ አይከፍትም። ዕርቅን በየትውልዱ ማደስ የእኛ ሥራ ነው።

6. እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ሰምተው «ክርስቲያን ፍርድ ቤት መሄድ የለበትም» ሊሉ ይችላሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 6፣ ወንድም ወንድሙን በአሕዛብ ፊት መክሰሱን አጥብቆ ነቅፏል፤ ከመካሰስ መበደልና መታለል እንደሚሻልም አስተምሯል። ይኸው ሐዋርያ ግን ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ትምህርቱና ሥራው ተጋጩን? አልተጋጩም። ሮም በደረሰ ጊዜ ለአይሁድ ታላላቆች የነገራቸውን በሐዋርያት ሥራ 28፥19 አንብቡ፤ ይግባኝ ያለው ተገድዶ ነው፤ ወገኑን የሚከስበት ነገር ኖሮት አይደለም። ይግባኙ ሕይወቱን ከግፍ ለማዳንና ወንጌልን ለማድረስ እንጂ ባላጋራውን ለማክሰር አልነበረም። መለኪያው ይህ ነው። ይግባኝ ከማለታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ የምፈልገው እውነት እንዲወጣ ነውን? ወይስ ሌላው እንዲያወጣ?

ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5፣ ከባላጋራህ ጋር በመንገድ ሳለህ ፈጥነህ ተስማማ የሚለውን ትምህርት ሲሰጥ፣ ወደ ዳኛው ከተደረሰ በኋላ የመጨረሻዋ ሳንቲም ሳትቀር እንደምትከፈል አስጠንቅቋል። በመንገድ ሳላችሁ ማለት መዝገቡ ሳይከፈት፣ ጠበቃ ሳይቆም፣ ቃል ሳይከርር ማለት ነው። ለዚህ የንስሐ አባት አለ፤ ሽማግሌ አለ፤ የሰበካ ጉባኤ አለ። በተለይ እናንተ ወጣቶች በቤተሰባችሁ የርስት ክርክር ሲጀመር ከአንዱ ወገን ጋር ቆሞ እሳቱን ከማራገብ፣ ሁለቱን ወገን በአንድ ጠረጴዛ ማቀመጥ ትችላላችሁ። በአጥቢያችሁም የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተካስሰው ስታዩ፣ ወጪው ከማን ሙዳየ ምጽዋት እንደሚወጣ በትሕትና ጠይቁ። ፍርድ ቤት የመጨረሻው ደጅ ሆኖ የሚያንኳኳውም ድሀ ሲሆን ደግሞ የፊልጵስዩስን ምእመናን አስቡ። የሐዋርያውን ሸክም እንደ ተካፈሉ፣ ፍትሕ ያጣች መበለት የመጥሪያና የመንገድ ወጪዋን የሚሸፍንላት፣ ማመልከቻዋንም የሚጽፍላት ወንድም ያስፈልጋታል።

በመጨረሻ አንዲት አጭር መልእክት አስታውሱ። ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ሳለ ለፊልሞና የጻፋት ናት፤ ሊቃውንት ይግባኙ እስኪሰማለት በሮም በሚጠብቅበት ወራት እንደ ጻፋት ያስተምራሉ። ከጌታው የኮበለለው አናሲሞስ ሊመለስ ነው። ሐዋርያው ለፊልሞና፣ የበደለህ ወይም ያለበት ዕዳ ቢኖር በእኔ ላይ ቍጠረው አለው፤ እከፍላለሁ ብሎም በገዛ እጁ ጻፈ። የራሱ ጉዳይ ገና ያልተወሰነለት፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል እስረኛ የሌላውን ሰው ዕዳ በራሱ ስም አስመዘገበ። በአንድ በኩል ባለዕዳው፣ በሌላ በኩል ባለመብቱ ቆመው ሳለ ሦስተኛ ሰው መካከል ገብቶ ወጪውን ወሰደ።

ይህን ከማን ተማረ? እኛ ተረትተን ሳለ፣ ምንም ዕዳ ሳይኖርበት ዕዳችንን በመስቀል ላይ ከከፈለልን ከጌታው ነው። ዳኞች ወጪና ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ ይወስናሉ፤ ክርስቲያን ግን ሳይፈረድበት የሌላውን ሸክም ሊሸከም ይችላል። በመካከላችን ተጣልተው ለይግባኝ የሚዘጋጁ ወንድሞች ካሉ፣ ዛሬ ሳይመሽ «በእኔ ላይ ቍጠረው» የሚል ሰው እግዚአብሔር ከእኛ መካከል ያስነሣልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።